ከምርቃቱ ማግስት፦ ስለ አሰላ ከተማ አገልግሎትና ስለ ነዋሪዋ የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻ፣ ስለ ኳስ ሜዳና ስለ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። እነዚህ ትንንሽ ጉዳዮች ይመስላሉ። የአንድ ቤተሰብ ቀን የሚቃናውም የሚጨልመውም ግን በእነሱ ነው። ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት ውሃ መኖሩ፣ ልጅ ጭቃ ሳይረግጥ ትምህርት ቤት መድረሱ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት የሄደ ሰው በዕለቱ ጉዳዩን ጨርሶ መመለሱ፤ መንግሥት ለአብዛኛው ሰው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

አገራችን ለምርቃት ትልቅ ቦታ ትሰጣለች። ሪባን ይቆረጣል፤ ሰሌዳ ይገለጣል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ካሜራ ይቀርጻል። በተሠራ ነገር መደሰት ተገቢ ነው። ጭንቀቴ ከምርቃቱ ማግስት ይጀምራል። ያ ቧንቧ፣ ያ መንገድ፣ ያ የሕዝብ መጸዳጃ ከነገ ጀምሮ በማን እጅ ነው? በየትኛው በጀት ይጠገናል? ሲሰበር ማን ይጠራል? ብዙ ጊዜ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ የለም። እኔ ደግሞ ከተማ ከምንም በላይ በጥገናዋ ትመዘናለች ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የማስረዳችሁም ይህንኑ ነው።

ከቦታው ልነሳ። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጭላሎ አለ። ከበታችዋ ስምጥ ሸለቆውና የዝዋይ ሐይቅ ይታያሉ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 47,391 የነበረው ሕዝቧ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 67,269 ደርሷል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ጨምራለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። ከተማዋ ግን ማደጓን አላቆመችም። አርሲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሲቋቋም መቀመጫው አሰላ ሆነ። ሪፈራል ሆስፒታሉ ከመላው ዞን ታካሚ ይቀበላል። በገበያ ቀን ከየወረዳው ገበሬ ይገባል። እነዚህ ሁሉ ውሃ ይጠጣሉ፤ መንገዱን ይረግጣሉ፤ መጸዳጃ ይፈልጋሉ። ከተማዋ የምታገለግለው ሕዝብ በመዝገብ ላይ ካለው ነዋሪዋ እጅግ ይበልጣል።

የጥገናን ነገር ለአርሲ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ በስንዴው ያውቀዋልና። በ1950ዎቹ ማብቂያ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ፣ አሰላን መቀመጫው አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም ካዱ የምንለው፣ ምርጥ ዘርን፣ ማዳበሪያንና ብድርን ለዚህ ደጋ አስተዋወቀ። ከጎናችን ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም ከዚያው ዘመን ጀምሮ የስንዴ ዝርያ ሲያወጣ ኖሯል። ዝርያ ወጥቶ ገበሬ እጅ ሲገባ ግን ሥራው አያበቃም። ኩብሳ የተባለው ዝርያ ለዓመታት ማሳችንን ሲሸፍን ኖሮ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ መታው። ድገሉ የተባለው ዝርያም በ2006 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ወደቀ። ዋግ ራሱን ስለሚለዋውጥ ተመራማሪው ማሳውን መከታተል፣ የሚተካ ዘር አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ክትትሉ አንድ ዓመት ቢቋረጥ ጦሱ ለገበሬው ይተርፋል። ከተማም እንዲሁ ናት። የተሠራ ሁሉ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል።

ካዱ ሌላም ትምህርት ትቶልናል። ትራክተር ሲመጣ መሬቱ የባለርስት ነበር። ብዙ ጭሰኛ የልማቱ ተጠቃሚ ሊሆን ሲገባው ከማሳው ተፈናቀለ። ልማት የመጣለት ሰው ድምፅ ከሌለው ልማቱ ራሱ ሊገፋው ይችላል። ይህንን ወደ በጀት ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ጥገና ሲጓደል ምን እንደሚሆን የሚያሳይ በየከተማችን የቆመ ምስክር ደግሞ የቀበሌ ቤት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ። ኪራዩም እንዲቀንስ ተደረገ። ድሃውን ከባለቤት ጫና ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም የተቀነሰው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እዚያው ቆመ። በሳንቲምና በጥቂት ብር ኪራይ የጭቃ ቤት ጣሪያ መቀየር፣ ግድግዳ ማስመረግ፣ መጸዳጃ ማስመጠጥ አይቻልም። ተከራዩ “ቤቱ የቀበሌ ነው” አለ፤ ቀበሌው “ገንዘብ የለኝም” አለ። በመካከል ቤቱ ዘመመ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ የማቆያ ገንዘብ ግን አልተመደበለትም።

አሁን ወደየአገልግሎቱ ልግባ። በመጀመሪያ ውሃ።

ውሃ አጠረ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ወይም አዲስ ወንዝ መጥለፍ ነው። አንዳንዴ ይህ ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት ግን ያለው ውሃ የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከማጠራቀሚያው የወጣውና በደንበኞች ቆጣሪ የተመዘገበው ውሃ ሲነጻጸር የሚገኘው ልዩነት ባክኗል ወይም ሳይመዘገብ ሄዷል ማለት ነው። ከፊሉ በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ከፊሉ በተበላሸ ቆጣሪ፣ ሌላው በሕገ ወጥ መስመር ይሄዳል። ባለሙያዎች ይህንን የሚለኩበት ቀላል ዘዴ አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ወደ አንድ ሰፈር የሚገባውን ውሃ መለካት ነው። በዚያ ሰዓት የሚፈስ ውሃ ማንም አይጠጣውም፤ አብዛኛው መሬት ይጠጣዋል። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ የሚያፈስ አንድ ስንጥቅ በቀን 1,440 ሊትር ያባክናል። ይህም 72 ጀሪካን ነው። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በግማሽ ቀን የሚደፍነው ስንጥቅ ሰባ ሁለት እናቶች ቦኖ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁትን ውሃ ይመልሳል።

ውሃን በፈረቃ ማዳረስም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ቧንቧው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ በውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ በዚያው ስንጥቅ በኩል ከውጭ የቆሸሸ ውሃ ይሰርጋል። ስለዚህ የቧንቧ ጥገና የጤና ሥራም ነው። የውሃው ጥገና የሚጀምረው ደግሞ ከከተማው ውጭ ነው። ከጭላሎና ከጋላማ ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ወንዞች በከታር ወንዝ በኩል ወደ ዝዋይ ይገባሉ። ላይ ያለው ደን ሲመነጠር ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ደረቅ አሸዋ ይሆናል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ብዙ ችግኝ ተክለናል። የተከላው ቀን ምርቃት ነው። ችግኙን ከከብት መጠበቅ፣ በጋውን ማሻገር፣ የደረቀውን መተካት ጥገናው ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ስንት ተከልን ብለን ከመቁጠራችን በፊት የአምናው ስንቱ እንደጸደቀ እንቁጠር።

ሁለተኛው መንገድና ጎርፍ ነው። አሰላ ተዳፋት ላይ ስላለች የጭላሎ ዝናብ ወደ ታች የሚወርደው በሰፈሮቿ መካከል ነው። በዚህ መልክዓ ምድር ቦይ የሌለው መንገድ ዕድሜ የለውም። የድንጋይ ንጣፍን፣ ኮብልስቶንን ተመልከቱ። ድንጋዩ ለዘመናት ይኖራል። የሚያፈርሰው ከሥሩ ያለው አሸዋ መታጠቡ ነው። ቦዩ በፌስታልና በአፈር ሲደፈን ውሃው መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ጠርዙን ይቦረቡራል፤ አሸዋውን ይወስዳል። አንዱ ድንጋይ ሲነቀል ጎረቤቱ ይላላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጋሪ አሸዋ የሚያስተካክሉት ብልሽት ከሁለት ክረምት በኋላ አዲስ ጨረታ ይጠይቃል። አባቶቻችን “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

ጎርፍን የናቀ ከተማ የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ድሬዳዋን መጠየቅ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት፣ ደረቅ ይመስል የነበረው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። የእኛ ተዳፋት ከድሬዳዋ ይለያል። ሕጉ ግን አንድ ነው፦ የውሃን መንገድ የዘጋ ሰው ውሃው በቤቱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ቦይ ከበልግ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በፊት በግንቦት ሌላ ጊዜ መጠረግ አለበት። በወንዝ ዳርና በቦይ ላይ ግንባታ መፍቀድም በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብዙዎቹ ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ክምሩ በአንድ ቀን አልተፈጠረም፤ ለአሥርት ዓመታት በየቀኑ ተጨመረበት እንጂ። አሰላ የዚያን ያህል ክምር ከመድረሷ በፊት አካሄዷን ለማስተካከል ጊዜ አላት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቆሻሻን ከየቤቱ መለየትን ይጠይቃል። በከተሞቻችን የቤት ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠል። በአሰላ የጋሪ ፈረሶች ፋንድያም ይጨመርበታል። ዙሪያችን ደግሞ ማዳበሪያ የሚወደድበት የእርሻ አገር ነው። የሚበሰብሰው ተለይቶ ኮምፖስት ቢሆን ክምሩ ይቀንሳል፤ በዙሪያችን ያለው የጢዮ ወረዳ ማሳ ያገግማል፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ማኅበራትም ሁለተኛ ገቢ ያገኛሉ። የሚያስፈልገው ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት በየቤቱና በተባለው ቀን ሳይቀር የሚመጣ ጋሪ ነው። ጋሪው ሁለት ሳምንት ከቀረ ሰው መለየቱን ይተዋል። እዚህም ላይ ወሳኙ ነገር ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው።

አራተኛው ሜዳ ነው። አርሲ በዓለም ስም ያተረፈችው በሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አካባቢ ገጠር ወጥቶ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር አሸነፈ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ ልጆች ናቸው። በጥሩነሽ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ይገኛል። እነዚህን ልጆች ያሳደገው ክፍት መሬትና ንጹሕ አየር ነው። የአገራችን የከተማ ፕላን መመዘኛ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ እንዲሆን ይጠይቃል። ክፍት ሜዳ ሲሚንቶም ብረትም አይፈልግም። ጥገናው ተሸንሽኖ እንዳይሸጥ መጠበቅ ነው። አንዴ በሊዝ የተሰጠ ሜዳ አይመለስም። በሰፈሩ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የሌለው የአሰላ ወላጅ “የአትሌቶች አገር” ሲባል ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን?

አምስተኛው የጽሕፈት ቤት አገልግሎት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ያዛል። ያልተመዘገበ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ውርስ ሲጠይቅ ይቸገራል። በፋይዳ መታወቂያና በ2017 ዓ.ም. በተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ ነገር ወደ ዲጂታል እየገባ ነው፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ኮምፒውተርም ይጠገናል፤ መዝገብም ይጠበቃል። የባለጉዳይን ልብ ከሚሰብሩ ቃላት አንዱ “ፋይሉ ጠፍቷል” የሚለው ነው። የቤት ካርታ ለጠፋበት ሰው የጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ነው። ፋይል ሲወጣ ፈርሞ የሚወስድ፣ ሲመለስ ፈርሞ የሚረከብ ሠራተኛ መኖሩ ከማንኛውም አዲስ ሕንፃ የሚበልጥ አገልግሎት ነው።

እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

በክልሎቻችን አሠራር የከተማ ሥራ በሁለት ይከፈላል። ትምህርትና ጤናን የመሳሰሉት ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ይሠራሉ። መንገድ፣ ቦይ፣ ጽዳት፣ መናፈሻ፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ናቸው፤ በዋናነትም ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ይሸፈናሉ። ለአዲስ ግንባታ ሌላ በር አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 የኢትዮጵያ ከተሞችን አቅፎ ነበር። ለግንባታ ገንዘብ የሚሰጥ ሲገኝ ለሚቀጥለው ሃያ ዓመት ጥገና የሚሰጥ አይገኝም። ያ የእኛ ድርሻ ነው።

የከተሞቻችን ትልቁ ገቢ ብዙ ጊዜ የመሬት ሊዝ ነው። በሊዝ ገንዘብ ቋሚ ነገር መሥራት መልካም ነው። የዕለት ወጪን በሊዝ መሸፈን ግን አይዘልቅም፤ መሬት አንድ ጊዜ ነው የሚሸጠው። የአሰላ መስፋፊያ ደግሞ ስንዴና ገብስ የሚያበቅል የጢዮ ገበሬ ማሳ ነው። ለጥገና የሚስማማው በየዓመቱ የሚመለስ ገቢ ነው፦ የቦታና የቤት ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ የገበያ ቦታ ኪራይ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። ነዋሪ አዲስ ግብር ሲሰማ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ስጋቱን የሚያስወግደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የከፈለው ብር በሰፈሩ ምን እንደሠራ በዓይኑ ማየት።

ይህ ከባሕላችን ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። እድርን ተመልከቱ። የእድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የጋራ ንብረት ነው፤ ግን አይጠፋም። ሲወጣ ይቆጠራል፤ ሲመለስ ይቆጠራል፤ የተቀደደው ይሰፋል፤ የሰበረ ይተካል። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። አባሉ የሚከፍለው ሒሳቡን ስለሚሰማ ነው። በዚህ ምድር የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ያዘዋውራል። የአርሲ እናት የሲንቄ በትሯን ይዛ ስትቆም ጠበኛ እጁን ይሰበስባል። ተጠያቂነት እዚህ አዲስ እንግዳ አይደለም። በሌላው ዓለምም የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በ1989 እ.ኤ.አ. የሰፈር ነዋሪዎች ተሰብስበው የከተማውን የግንባታ በጀት ቅደም ተከተል እንዲወስኑ ማድረግ ጀመረች፤ ብዙ ከተሞችም ተከትለዋታል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በካዱ ዘመን ጭሰኛው ያጣው ይህንኑ ድምፅ ነበር። ዛሬ ድምፁ በሕግ አለን፤ እንጠቀምበት።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ከተማው በየዓመቱ የጥገናን በጀት ከአዲስ ግንባታ ለይቶ ያጽድቅ። በየቀበሌው ሰሌዳ ላይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጥፍ፤ ይህን ያህል ለቧንቧ፣ ይህን ያህል ለቦይ፣ ይህን ያህል ለመንገድ መብራት ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በየቀበሌው የብልሽት መዝገብ ይከፈት። ብልሽቱ የተነገረበት ቀንና የተጠገነበት ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ። መዝገቡ በየሦስት ወሩ በነዋሪ ስብሰባ ይነበብ። ስብሰባው እናቶች በሚመቻቸው ሰዓት ይሁን፤ የቧንቧ ውሃው በየትኛው ሌሊት እንደሚመጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ግንባታ ሲመረቅ ሰሌዳው የመራቂውን ስም ብቻ አይያዝ። የሚጠግነው ክፍል ማን እንደሆነና ሲበላሽ የሚደወልበት ስልክ አብሮ ይጻፍ። ጠጋኝ ያልተሰየመለት ሥራ አይመረቅ።

አራተኛው ጥያቄ ለራሳችን ለነዋሪዎች ነው። በደጃችን ያለውን ቦይ የምንደፍነው እኛ ነን። የውሃ ሒሳብ የምናሳድረው፣ ከቆጣሪ በፊት መስመር የምንጠልፈው፣ ከተጠራንበት ስብሰባ የምንቀረው እኛ ነን። ግብርን በሰዓቱ የከፈለ፣ ደጁን የጠረገ፣ በስብሰባ የተገኘ ነዋሪ ኃላፊውን ፊት ለፊት የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ኃላፊውም የመመለስ ግዴታ አለበት።

የከተማው ሠራተኞች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በዝናብ ቦይ የሚጠርግ፣ በሌሊት ቧንቧ የሚጠግን፣ በብርድ ማለዳ መንገድ የሚጠርግ አለ። ለእነዚህ ሰዎች ምርቃት አይዘጋጅላቸውም፤ ስማቸውም በሰሌዳ አይጻፍም። ከተማዋን የሚያቆሟት ግን እነሱ ናቸው። ደመወዛቸው፣ ጓንታቸውና ቦት ጫማቸው በጀት ሲደለደል ከሁሉ ቀድሞ ይታሰብ።

የአሰላ ሰዎች ሆይ፤ ለአዲስ ሥራ ማጨብጨባችንን አንተው። ከዛሬ ጀምሮ ግን በየምርቃቱ ላይ አንድ ሰው እጁን ያውጣና “ይህን ማን ይጠግነዋል? በየትኛው ገንዘብ?” ብሎ ይጠይቅ። መልስ እስኪያገኝም አይቀመጥ።